ቀርፋፋ ያልኩት ባንድ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሬጌና ሮክ የሚጫወት አንድ ባንድ ነበር፤ እኔም ሁለት ዓመት ድራም መትቼለታለሁ። የወጣሁት ተጣልቼ ነው። አንድ ቀን በልምምድ መሀል ተነሥቼ፣ «እናንተ እስክትነቁ እኔ አርጅቼ እሞታለሁ» ብያቸው ወጣሁ። ማንም አልመለሰልኝም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ፤ ለመቆጣት እንኳ የማይቸኩሉ ሰዎች!

ከዚያ የሰርግ ባንድ ውስጥ ገባሁ። ሰርግ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ድራሙ ሲፈጥን ሰው ይነሣል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀመጣል። ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ ያልመታሁበት ድንኳን የለም ማለት ይቻላል። ስለ ድሮ ጓደኞቼ የሚጠይቀኝ ሲመጣ፣ «ጥሩ ልጆች ናቸው፤ እንቅልፍ ያበዛሉ እንጂ» እያልኩ ሰው አስቅ ነበር።

አምስት ዓመት አለፈ። በጥር ከተማው ውስጥ የሙዚቃ ፌስቲቫል እንደሚደረግ ተነገረ። ለአንድ ሰርግ ዕቃ እየጫንኩ ሳለ የዚያ ባንድ ባስ ጊታር ተጫዋች መጣ። በሥራው በያጅ ነው፤ እጁ ሁልጊዜ በእሳት ፍንጣሪ እንደተነቀሰ ነው።

«ድራም የሚመታልን ልጅ ታይፎይድ ይዞት ተኝቷል» አለኝ። «ፌስቲቫሉ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ዘፈኖቻችንን የምታውቅ አንተ ነህ።»

«ስወጣ ያልኳችሁን ረሳኸው?»

«አልረሳሁትም። ግን ዘፈኖቹን ታውቃለህ።»

እሺ አልኩት። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። እኔ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ይሰማቸው ጀምሯል። በቅርቡ እንኳ ሱሪ ላሳጥር አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቼ፣ ሰውዬው የስፌት መኪናውን እየረገጠ የእነሱን ዘፈን ሲያንጎራጉር ሰምቼዋለሁ። ጨርሶ እስኪነሣ ድረስ ቆሜ ሳየው ነበር። ይህ ሰው እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ምን ሰማ?

ልምምዱ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ገሳይ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። የባንዱ ዘፋኝ እዚያ አስተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ያስለቅቁላታል። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን እጇን አንሥታ አስቆመችን። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና አስቆመችን። በሦስተኛው ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣

«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«አላጠፋህም። ግን ቦታዬን ወሰድክብኝ።»

«የቱን ቦታ?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ስትቆጥር፣ አንድ ላይ አትምታ። ሦስት ላይ ምታ። አንድ ላይ እኔ እተነፍሳለሁ።»

«ይህን ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?»

«ያኔም ነግሬህ ነበር። ‹አንቺ ዝም ብለሽ ዝፈኚ› አልከኝ።»

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ።

በያጁ ከቦርሳው አንድ ካሴት አወጣ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ የተቀዳ ልምምድ ነው። ይዞት የመጣው ቴፕ ውስጥ ከተተውና የአንዱን ዘፈን መጀመሪያ አሰማኝ። ኮራሁ፤ አመታቴ ያኔም ጥርት ያለ ነበር። ቀጥሎ ካሴቱን ወደ ዘፈኑ መጨረሻ አሳለፈና እንደገና ከፈተው። ሌላ ዘፈን መሰለኝ። ዘፋኟ ቃላቱን እየዋጠች ትሮጣለች፣ ጊታሩ ከኋላ ከኋላ ይላል፣ ድራሙ ብቻ በደስታ ይጋልባል።

«ስትቀዱ የቴፑ ባትሪ እያለቀ ይሆናል» አልኩ። «ለዚያ ነው የፈጠነ የሚመስለው።»

«እንደዚያ ቢሆን የሷም ድምፅ አብሮ ይቀጥን ነበር» አለ በያጁ። «አልቀጠነም። ደግሞ በመብራት ነው የቀዳነው።»

እንደገና አስከፈትኩት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እነሱ እየጎተቱኝ መስሎኝ ነበር እኮ! ለካ እኔ ስሮጥ እነሱ ሊይዙኝ ኖሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«በባሱ እየጎተትኩ ስነግርህ ነበር» አለኝና ሳቀ።

በማግስቱ የታመመውን ልጅ ልጠይቅ ሄድኩ። እህቱ ቤት ተኝቶ አጥሚት ይጠጣል። በእኔ ቦታ የተተካ ሰው ስለሆነ እስከዚያ ቀን ሰላምታ እንኳ አልሰጠውም ነበር። እግዜር ይማርህ ካልኩት በኋላ በቀጥታ ጠየቅኩት።

«አንድ ላይ ሳትመታ እጅህ እንዴት ዝም ይልልሃል?»

«እኔም መጀመሪያ እንቢ ይለኝ ነበር። አንድ ላይ በአፍንጫህ አየር ሳብ። እየሳብክ መምታት ያስቸግርሃል።»

ብርድ ልብሱ ላይ በጣቶቹ እየመታ አሳየኝ። እኔም ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ሞከርኩት። እህቱ ገብታ ሁለታችንን ስታይ፣ «ሐኪሙ ዕረፍ ነው ያለው!» ብላ አስወጣችኝ።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ሰነበትኩ። አንድ ሰርግ ላይ ጉድ ሠራሁ። እስክስታው ደርቶ ሳለ ትልቁን ድራም የምመታበት እግሬ «አንድ» ላይ ዝም አለ፤ የጨፋሪዎቹ ትከሻ ተነሥቶ በዚያው ቀረ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

የፌስቲቫሉ ቀን ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ወጣን። ከእኛ በፊት የነበረው ቡድን ሜዳውን አቧራ በአቧራ አድርጎት ነው የወረደው። ፊት ለፊት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ወጣቱ ቆሟል። የመጀመሪያውን ዘፈን ስንጀምር ጭፈራው ቀጥ አለ። ደነገጥኩ። እጄ መሮጥ አማረው፤ ትንሽም ሮጠ መሰለኝ፣ በያጁ ዞር ብሎ አየኝ። በአፍንጫዬ አየር ሳብኩ። ሳብኩና ሦስት ላይ መታሁ።

ስላልቸኮልኩ ይሁን አላውቅም፣ ቀና ብዬ ሰውን አየሁ። ሰርግ ላይ የማየው የዱላዬን ጫፍ ብቻ ነበር። የሚዘል የለም። ግን አንገታቸውን ቀስ እያደረጉ የሚወዘውዙ አሉ፤ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ እግሯን እየቀያየረች ትወዛወዛለች። እየሰሙ ነው። እኔም መስማት ጀመርኩ። ዘፈኑ መኪና እየጠበቀች ገሳይ መንገድ ዳር ዝናብ ስለመታት አስተማሪ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬው ስመታ ስለ ምን እንደሚያወራ አላውቅም ነበር።

ሁሉም ወደደው አልልም። ከኋላ ከቆሙት ጥቂቶቹ ሊበሉ ሄዱ። ስንወርድም ከፊት ከተቀመጡት አንዱ አዛውንት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ምነው፣ ደክሞህ ነው እንዴ እየቆየህ የምትመታው?»

«አልደከመኝም አባባ። እንደዚያ እንድመታ ተነግሮኝ ነው።»

«እንግዲያስ ደግ» አሉ። «የልጅቱን ነገር አንድም ሳይቀር ሰማሁት።»

ዕቃ ስንሰበስብ ዘፋኟን፣ «ያ መኪና በኋላ መጣልሽ?» አልኳት።

«የት ይመጣል! በእግሬ ነው የሄድኩት» አለች። «ዘፈኑንም እየሄድኩ ነው የሠራሁት።»

እንግዲህ የዘፈኑ ፍጥነት የጭቃ መንገድ እርምጃ ነበር፤ እኔ ደግሞ ላስሮጣት ስታገል ከርሜያለሁ። ይህን ለራሷም ነገርኳት፤ ይቅርታ ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል መሰለኝ፣ ገመዱን መጠቅለል ትታ ትንሽ አየችኝ።

የታመመው ልጅ በወሩ ድኖ ወደ ድራሙ ተመለሰ፤ እኔም ወደ ሰርጌ። ሰርግ በሌለበት ቅዳሜ ግን ገሳይ እሄድና ከተማሪዎቹ ዴስክ በአንዱ ላይ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ። አንዳንዴ የሆነ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር እጄን አወጣለሁ፤ አስተማሪዋም፣ «እሺ፣ ምን ነበር?» ትለኛለች።