ከዝርዝሩ የጠፋው ሃምሳ አለቃ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ማስነጠስ ነበር። አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ የአንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ስገባ አለቃዬ አቶ በላይነህ መወልወያ ጨርቅና መሰላል ሰጡኝና «ከላይኛው መደርደሪያ ጀምሪ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መርፌና ክር ጨመሩልኝ። ያን ጊዜ ማህደር ይሰፋ ነበር። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ የተበሳሳ ጣቴን አይቶ «መዝገብ ቤት ነው ወይስ ልብስ ስፌት የገባሽው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከተራ ሠራተኛነት ተነስቼ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆንኩ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ማህደር ማውጣት፣ መመዝገብ፣ ወደ ቦታው መመለስ። በሥራዬ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ የደረሰበት ሳምንት ግን አንድ ብቻ ነው። እሱም ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ መጣ።

ሐሊማ ትባላለች። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ነች። የሥራ መታወቂያዋን ከአንገቷ ሳታወልቅ መስኮቴ ላይ ቆመች።

«እትዬ ጽጌ እርስዎ ነዎት? አያቴ ከኮሪያ ዘመቻ ተመልሰው እዚህ ዘበኛ ነበሩ ይባላል። ሰይድ አሊ።»

«ዘማች ከሆኑ የዘማቾች ማኅበር አይሻልሽም?»

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሰይድ አሊ የሚባል ዝርዝሩ ላይ የለም።»

ቀጥላ ነገሩን አስረዳችኝ። አያቷ የሞቱት አባቷ አህመድ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ከዚያ አንድ የሰፈር ሰው «ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ዘማቾቹ መርከብ ሊሳፈሩ ሲሄዱ እሱ ጂቡቲ ሳይደርስ ከባቡር ወርዶ ጠፍቷል» ብሎ አወራ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። አህመድ የከዳተኛ ልጅ እየተባሉ አደጉ። አሁን ሰባ አልፏቸዋል፤ ኩላሊታቸውን ያማቸዋል፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእሷ ጋር ይኖራሉ።

«አባዬ ሳይሞት እውነቱን ልንገረው ብዬ ነው» አለችኝ። «ከድተውም ከሆነ እንደከዱ።»

የስም ካርዶቹን ሳጥን አወጣሁ። ሰይድ አሊ የለም። ሁለተኛ ጊዜ ፈለግኩ፤ የለም። ሐሊማ ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ስትል፣ ካርዶቹን እንደያዝኩ አንድ ነገር ጠየቅኳት።

«አያትሽን ያሳደጋቸው ማነው?»

«እኔ እንጃ።» ለአባቷ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«አባቱማ በልጅነቱ ሞቶበት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ወሎ፣ አጎቱ ይማም ነው ያሳደገው።»

ጣቶቼ ካርዶቹ ላይ ሮጡ። ሰይድ ይማም፣ ዘበኛ፣ ቁጥር 614። ሐሊማ ጮኸች፤ እኔም ጮህኩ። ገንዘብ ቤት ያሉት ሰዎች ምን ሆኑ ብለው በር ከፈቱ።

ማህደሩ ግን መደርደሪያ ላይ አልነበረም። የጥንቶቹ ማህደሮች እንዲወገዱ ተወስኖ ጆንያ ውስጥ ታስረው ግምጃ ቤት ተከምረዋል። የአስተዳደር ኃላፊያችን ወጣት ነው፤ ቢሮው ገባሁ።

«መኪናው ቅዳሜ ይመጣል፤ ኮሚቴው ፈርሟል» አለኝ።

«እስከ ዓርብ ይስጡኝ።»

«ስንት ጆንያ እንደሆነ አይተዋል?»

«ያሰርኳቸው እኔ ነኝ።»

ሳቀና ቁልፉን ሰጠኝ። ሐሊማ ከፈረቃዋ ስትወጣ እየመጣች፣ ማስክ አድርገን ጆንያ በጆንያ ፈታን። ረቡዕ ምንም አላገኘንም። ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብ ከምሳ በፊት ከታችኛው ጆንያ 614ን መዘዝኩት። ጥግ ጥጉን አይጥ በልቶታል፤ የተሰፋው ግን አልተፈታም።

መጀመሪያ ፎቶግራፉ ወጣ። «የአባዬ ግንባር!» አለች ሐሊማ። ቀጥሎ የሕይወት ታሪክ ቅጽ፤ የቀድሞ ሥራ በሚለው ፊት «ወታደር፣ ሃምሳ አለቃ» ተብሎ ተሞልቷል። ከሥሩ የዋስ ደብዳቤ አለ። ዘበኛ ያለ ዋስ አይቀጠርም ነበር። ዋሱ አንድ የመቶ አለቃ ናቸው። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«ሰይድ ይማምን በኮሪያ ግንባር አውቀዋለሁ። እግሬን ተመትቼ ስወድቅ በጀርባው አዝሎ ከኮረብታው አውርዶኛል። እሱም በዚያው ቀን ትከሻውን ቆስሏል። ለእሱ ዋስ ካልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?»

ሐሊማ ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። የአስተዳደር ኃላፊው ደብዳቤውን ቆሞ አነበበና ቅጂው ላይ ራሱ ማህተም መታበት። ከዚያ ስልክ አንስቶ የቅዳሜውን መኪና አስቀረ።

ቅጂውን ይዘን በታክሲ ቱሉ ዲምቱ ሄድን። ጋሽ አህመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሰሙን። አላለቀሱም።

«ያዘለበትን ቦታ ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ደገምኩ። ከዚያ ሐሊማን «ጫማዬን አምጪ፤ ማኅበሩ እንሂድ» አሏት። ቀኑ እንደመሸና ማኅበሩ እንደተዘጋ ነግረን በስንት ልመና አስቀረናቸው።

ሰኞ ሄዱ። ሰይድ ይማም ዝርዝሩ ላይ ነበሩ፤ መቁሰላቸው ሳይቀር ተጽፏል። ለዓመቱ መታሰቢያ ቤተሰቡ ተጠራ፤ እኔንም ወሰዱኝ። የሟቾቹ ስም እየተጠራ ቤተሰብ ይነሳል። «ሃምሳ አለቃ ሰይድ ይማም!» ሲባል ጋሽ አህመድ ከዘራቸውን ለሐሊማ ሰጥተው ብድግ አሉ። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ነበር የሚነሳው። እሳቸው ግን አዳራሹ እስኪያስተጋባ «አቤት!» አሉ።

መዝገብ ቤት ለምትሠሩ የምላችሁ ይህን ነው። የምትፈልጉት ሰው በአባቱ ስም ካልተገኘ፣ ማን እንዳሳደገው ጠይቁ።