የፎቶ ኮፒ ቤቷ ዳክዬ

ተገኘች! እንዴት ያለ ደስ የሚል ዜና መሰላችሁ! ጠፍታለች፣ በቃ፣ አትመለስም ተብሎ ከተለቀሰላት በኋላ ይኸው ቀይ ባርኔጣዋን እንዳጠለቀች፣ ክንፏን እያራገፈች ብቅ አለች። ዳክዬ ናት። ዳክዬ ስላችሁ ጓሮ የምትንጎራደድ እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የምትኖር፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ እናት ያሳደጓት ዳክዬ ናት።

ሴትዮዋን ሰፈሩ «እትዬ ኮፒ» ይላታል። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም፣ ማሽኑ ሲሠራ ግድግዳዋ የሚሞቅ ክፍል ናት። እናቷ ጉልበታቸው ሲደክም፣ ቤት ብቻቸውን ከሚውሉ ብላ ይዛቸው ትመጣ ነበር። እሳቸውም ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ቁጭ ብለው ወጪ ገቢውን ሲያዩ ይውሉና ይሰለቻቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኢንተርኔት ላይ ጨዋታ ከፈተችላቸው። የእንስሳት ግቢ ነው። ጥንቸል አለ፣ አህያ አለ፣ ኩሬው ላይ ዳክዬ አለች። ማብላት፣ ማጠብ፣ ባርኔጣ ማልበስ፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

«ማን ነው የሚያሸንፈው?» አሉ እናትየው።

«ማንም አያሸንፍም፣ እማዬ።»

«የሚሞትስ?»

«አይሞቱም። ሳንመጣ ስንቀር ይተኛሉ፤ ስንመጣ ይነሳሉ።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስነሳቸው! እንስሶቹን እንዳያሳምም ብለው ማውሱን እንደ እንቁላል በስሱ ይይዙታል። ደንበኛ «እማማ፣ ማመልከቻ ላስጽፍ ነበር» ሲላቸው፣ «ቆይ ልጄ፣ ይቺ ሆዳም አልጠገበችም» ይላሉ። የዳክዬዋም ስም በዚያው «ሆዳሟ» ሆኖ ቀረ። ቸኩሎ የገባው ሰው ሳይታወቀው በትከሻቸው በኩል ጎንበስ ብሎ፣ «አህያዋንም ይጠቡልኝ እንጂ!» ማለት ይጀምራል። ማመልከቻውስ? ይደርሳል!

እናትየው ካረፉ በኋላ እትዬ ኮፒ ግቢውን ለመክፈት አንጀቷ እምቢ አላት። ልቤ ሲጠና አየዋለሁ እያለች ሰነበተች። በመሃል ኮምፒውተሩ ታመመ። የኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ፣ «ሁሉንም ልጠርገው ነው፤ ምን ላስቀምጥልሽ?» አላት።

«የደንበኞቼን ፋይል! አንዷም ወረቀት እንዳትጠፋ!»

አልጠፋችም። የስንቱ የሥራ ማመልከቻ፣ ወልደው የከበዱ ሰዎች የሠርግ መጥሪያ ሳይቀር ተረፈ። ልቧ የጠናላት ዕለት ግን ጨዋታውን ብትከፍት፣ ባዶ ሜዳ ላይ «አዲስ ግቢ ይጀምሩ» የሚል ጽሑፍ ጠበቃት። ለካ ግቢው የተቀመጠው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ኖሯል፤ አብሮ ተጠርጓል። «የሰውን ሁሉ አስቀምጬ የእናቴን ጠረግሁ!» ብላ ማሽኑ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት አላስችል ቢላት ለወንድሟ ደወለች። የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አውርታ ስትጨርስ ሳቁን ለቀቀው።

«ምን ያስቅሃል፣ አንተ?»

«እትዬ፣ ሆዳሟ እኮ እኔ ጋ ናት!»

ለካ እናትየው በመጨረሻው ሰሞን ልጃቸውን ስልኩ ላይ ግቢ አስከፍተውት፣ «መንገድ ላይ ብቻህን ነህ፤ ታጫውትህ» ብለው ዳክዬዋን በእንግድነት ልከውለት ኖሯል። እሱም ዳክዬ ያበላል ብለው ሾፌር ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ለማንም ትንፍሽ አላለም። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ እሱም መክፈት አቅቶት ነበር። አሁን ሲከፍተው አጥሩ ሥር ተኝታለች። ነካ ሲያደርጋት ክንፏን አራግፋ ተነሳች፤ እናታቸው ያጠለቁላት ባርኔጣ እንዳለ ነው።

«በል መልስልኝ!»

«አልመልስም! ለእኔ ነው የሰጠችኝ።»

«አንተ ቀማኛ! ድሮም የእኔን ስትቀማ ነው ያደግኸው።»

«እሺ፣ አታልቅሺ። አዲስ ግቢ ክፈቺና ለእንግድነት ልላካት። ብቻ እንዳታስርቢያት፣ እትዬ፤ እማዬ ትታዘበናለች።»

ከፈተች። ሱቁ በሰው ጢም ብሏል፤ ማሽኑ ወረቀት ጨርሶ ይጮኻል፤ ሰሚ የለም። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ያያል። ባዶው ግቢ በሩ ተከፈተና ሆዳሟ እየተውረገረገች ገባች፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥታ ወደ ምግቧ! ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ኮፒ ግን እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል፤ ማውሱን በስሱ ይዛ፣ «ብይ፣ የእናቴ ልጅ፣ ብይ» ትላለች።

ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ገና አልሰማም። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ!