ጽዋውን ያልተቀበለችው ጀማነሽ

ጀማነሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጠላ ሸጣ የምታድር ሴት ነበረች። ያላት ማኅበሯ ብቻ ነው። በየወሩ በአሥራ አምስተኛው ቀን የቂርቆስ ማኅበርተኞች በተራ እየደገሱ፣ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦና ጠላ ይካፈላሉ፤ ከዚያ የዕለቱ ደጋሽ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለተራ ያስረክባል። ተራዋ ደርሶ ስትደግስ "ምን ያለፋሻል?" ሲሏት፣ "እግዜር የፈጠረኝ ለዚህች ቀን ነው" ትል ነበር። ከልቧ ነው።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ተራው የወዳጆ ሆነ። ወዳጆን ስሙን ስጽፈው እንኳ ያቅለሸልሸኛል። አስተርጓሚ ተብሎ የጎረቤቶቹን ቤት ለጣሊያን በጣቱ ያሳየ ባንዳ ነው። ማኅበርተኛው ባይሳ የተወሰደው በእሱ ጥቆማ ነበር፤ በዚያው ቀረ። ይህን የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ፣ ካዛንቺስ ከአዲሶቹ የጣሊያን ሹማምንት ቤቶች ጀርባ ወዳጆ ቤት ሲደገስ አንድም ሰው አልቀረም። የባይሳ ሚስት አስቻለች እንኳ ፈርታ መጣች።

ወዳጆ እንግዶቹን በር ላይ ቆሞ ተቀበለ። የለበሰው የባይሳን በርኖስ ነው! አስቻለች በእጇ የጠቀመችው ቅዳጅ ትከሻው ላይ ይታያል። ሁሉም አዩት፤ አልፈውት ገብተው ተቀመጡ። ሥጋና መኮሮኒ ሲቀርብማ ስቡ በአገጫቸው እየወረደ "እግዜር ይስጥልን" አሉት። ወይ ሆድ!

ጽዋው ከመተላለፉ በፊት የማኅበሩ ካህን መምሬ ኃይለገብርኤል እንደ ደንቡ ጠየቁ። በቂም ጽዋ አይነሣምና።

"የተጣላ፣ የተቀያየመ አለ?"

"የለም፣ አባታችን!" አለ ቤቱ በሙሉ፣ እያላመጠ።

ቀጣይዋ ባለተራ ጀማነሽ ነበረች። እጇን ዘርግታ መቀበል ብቻ ነው የቀራት።

"እኔ አለሁ" አለች ተነሥታ። "ወዳጆን ተቀይሜዋለሁ። የለበሰው ያስገደለውን ሰው በርኖስ ነው።"

"አንቺ ሴት፣ ልታስፈጂን ነው?" አላት አንዱ። መምሬ ምንጣፉን ያያሉ። ወዳጆ ግን ሳቀ። አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ "በቃ፣ ይቅር በይኝ" አላት። ክርስቲያን ስለሆነች እምቢ እንደማትል ያውቃል። ይቅርታ እንዲህ መቀለጃ ሲሆን ያስመልሳል።

"ይቅር እላለሁ" አለች ጀማነሽ። "አንተ ደግሞ በርኖሱን አውልቀህ ለአስቻለች ስጣት። ያን ጊዜ ጽዋውን ከእጅህ እቀበላለሁ።"

ወዳጆ በርኖሱን ሰብሰብ አድርጎ፣ "ቤትሽን አውቀዋለሁ" አላት።

ጀማነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ገና በሩን ሳታልፍ ጽዋውን ሌላ ማኅበርተኛ ተቀበለው።

ከዚያ ወዲያ በሯ በተንኳኳ ቁጥር "መጡብኝ" እያለች ትደነግጥ ነበር። የሚቀጥለው አሥራ አምስት ሲደርስ ግን ዳቦዋንና ጠላዋን ይዛ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከነዳያን መሃል ተቀመጠች። ጽዋ የለም፣ ማኅበር የለም። ፊቷን ላየ ግን የጎደለባት ሰው አትመስልም ነበር።

ማኅበርተኞቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ድግሳቸው ሲያልፉ የነዳያኑ ቁስል ሸተታቸውና አፍንጫቸውን ያዙ። ወዳጆ ቤት ምንም ያልሸተተው አፍንጫ!

አስቻለች ከመሃላቸው ወጥታ ጀማነሽ አጠገብ ተቀመጠች።

"መምሬ ሲጠይቁ እኔም 'የለም' ብያለሁ" አለቻት። "ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ።"

ጀማነሽ ከዳቦው ቆርሳ በእጇ አጎረሰቻት። አስቻለች እያለቀሰች በላች።