በሁዳዴ የተቋረጠው መርፌ

ባለቤቴን ያበደ ውሻ የነከሳት በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከአርብ ገበያ ስንመለስ። ክንዷን ነው የያዛት። ልጅ አልነበረንም፤ እኔና እሷ ብቻ ነን። በቅሎ ተውሼ አስቀመጥኳትና ሁለት ቀን ተጉዘን ሐኪም ቤት ካለበት ከተማ ደረስን።

መርፌው ሆድ ላይ ነው የሚወጋው፤ በየቀኑ አንድ፣ አሥራ አራት ቀን። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት መበለት ከግቢያቸው ጎጆ አስጠጉን። ጠዋት ጠዋት እወስዳታለሁ፤ እሷ ትገባለች፣ እኔ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

በስድስተኛው ቀን፣ ከተወጋች በኋላ፣ መርፌ የሚወጋት ድሬሰር ትንሽ ልረፍ ብሎ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ተጫዋች ሰው ነበር። ዝም ብል ምን ነበረበት፤ መድኃኒቱ ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት።

«ከበግ አንጎል» አለኝ።

«ቀልዱን ተው።»

«ምን ቀልድ አለው? በሽታውን በጉ ላይ ያስገቡበታል። ሲታመም ያርዱትና አንጎሉን አውጥተው ይፈጩታል። መርዙን በመድኃኒት ገድለው ነው ወደኛ የሚልኩት።»

«ደኅናውን በግ? አሳብደው?»

«አንተ ለፋሲካ የምታርደው ታሞብህ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያበደች በግ አይቼ አውቃለሁ። የገዛ ጎኗን ጠጉር እየነጨች ነው የምትሞተው።

ማታ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ በጎቹ አሳዝነውኝ ነው። እሷ የዘገነችውን ቆሎ መልሳ አስቀመጠችው።

«በሁዳዴ?» አለች።

«በአፍሽ አልገባ።»

«ሆዴ ውስጥማ ገብቷል። ለመሆኑ ማን ባርኮ ያረደው ነው?»

እሱን አልጠየቅኩም ነበር።

በማግስቱ አልወጋም አለች። ለመንኳት። መበለቲቱም «ልጄ፣ መድኃኒት እኮ ነው» አሏት። «የንስሐ አባቴ ይፍቱኝ፤ እሳቸው ካሉ እወጋለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ድሬሰሩ ሲሰማ ሳቁ ሁሉ ጠፋ። «በል ቶሎ ተመለስ» አለኝ።

ብቻዬን ወደ አገራችን ሄድኩ። ያ መንገድ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም፤ ስንመጣ በቅሎዋ ላይ ሆና ታወራኝ ነበር። ስሄድ የራሴን በጎች አሰብኩ። ለመድኃኒቱ ስጥ ቢሉኝ ሁሉንም እሰጥ ነበር። ሰጥቼ ግን ሲያሳብዷቸው ማየት አልፈልግም።

የንስሐ አባታችንን ከቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸው። ሰምተው ተቆጡ።

«ለዚህ ነው ጥለሃት የመጣኸው?»

«አባቴ፣ እምቢ አለችኝ እኮ።»

«ሥጋ በላች ወይ? የታመመ ሰው ለመድኃኒት ጾም አይከለክለውም። ፈትቻታለሁ፣ ተወጊ ብለውሻል በላት። ቁጭ እንዳትል!»

ስመለስ አምስት ቀን አልፏል። እሷ መልእክቱን እንደሰማች ነጠላዋን ለብሳ ተነሣች፤ የቀሩትን ስምንቱን አንድ ሳታጓድል ተወጋች። እኔ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆኜ ድሬሰሩን ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኩትም።

ለሆሣዕና አገራችን ነበርን። ፋሲካንም አብረን ፈሰክን። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የተነከሰችበት ክንዷ ይነዝረኝ ጀመር አለች። ከዚያ ውሃ አልወርድ አላት። አራት ቀን ነው የቆየችው።

የቀብሯ ዕለት የንስሐ አባታችን አጠገቤ ተቀምጠው «እግዜር የፈቀደው ነው፤ አንተ ያላደረግከው የለም» እያሉ አጽናኑኝ። የመድኃኒቱን ነገር ድሬሰሩ የነገራት መስሏቸዋል። እኔ ነኝ አላልኩም። ከዚያ ወዲያ ስናዘዝ ሌላውን ሁሉ እናገርና እዚች ነገር ላይ ስደርስ አልፋታለሁ። እሳቸውም አረፉ።

በመቋረጡ ይሁን፣ ባይቋረጥም የማይቀር ኖሮ ይሁን፣ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ያ ከተማ ሁለት ቀን መንገድ ነው። ጉልበት እያለኝ ሄጄ አልጠየቅኩም።