ክንፉ አልተሰበረም

አንድ አብራሪ ለምን እንደታሰረ ልጠይቅ ሰቆጣ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። መልስ የሰጠኝ የለም፤ እሱ ያለበት ክፍል አስገቡኝ። ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ተቀበሉኝ። ማስታወሻ ደብተሬን «ለማስረጃ» ብለው አስቀሩት።

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አሮጌ የማሽላ ፍሬ ነበር። ከአብራሪው ሌላ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ዝቋላ የመጡ አዛውንት ገበሬ አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

የሆነውን ከሁለቱም አፍ ሰማሁ። አብራሪው በትንሽ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ የሰፈረበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ሊመሽ ሲል አንድ ሸለቆ ላይ ዝቅ ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ። አዛውንቱ ከማሽላቸው መሀል ቀና ሲሉ የክንፉ ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አዩ፤ ወዲያው አውሮፕላኑ ውስጥ መብራት በራ። ክንፉ የተሰበረ መሰላቸው። ሰውየው ሳይሞት ይድረሱለት ብለው በማግስቱ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ለሹም ተናገሩ። ለሹሙ የገባው ሌላ ነገር ነው፦ ክንፉን ከፍቶ ዕቃ ጣለ፣ በመብራት ምልክት ሰጠ። አብራሪውን ያዙት፤ እሳቸውንም ለምስክርነት አስቀሯቸው።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ፣ ልጄ» አሉ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

«እርስዎማ ሊያድኑኝ ነው የመጡት፣ አባቴ። እስቲ ጋቢዎን ያውሱኝና ላሳይዎት።»

አዛውንቱ ዞረው ጋቢውን ሰጡት፤ በሁለት እጁ ዘረጋው። ፍላፕ የሚባለው ከክንፉ ኋላ ያለ ተንቀሳቃሽ ጠርዝ እንደሆነ፣ በማንሻ ደረጃ በደረጃ እንደሚወርድ፣ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ቀስ ብሎ እንዲሄድ እንደሚያደርግ ነገራቸው። የጋቢውን ጫፍ ዝቅ አደረገ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«መብራቱስ?»

«ካርታ ላነብ ነው። ውስጡ ሲደምቅ ውጪው አይታይም፤ ቶሎ አጠፋሁት።»

አዛውንቱ የጋቢውን ጫፍ ዳሰሱ። «አህያ ተጭና ቁልቁለት ስትወርድ ጭራዋን ይዘን እንደምናዘገያት በለኛ።»

«ልክ ነው። አስተማሪዬ እንዲህ ቢያስረዳኝ ኖሮ ቶሎ እመረቅ ነበር።»

ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ክፍል የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዛውንቱንና እኔን ጠሩን። መርማሪው ከሌላ አካባቢ የተመደበ ወጣት ነበር። የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ።

«ጋዜጠኛ አይደለህ? አንብብላቸው። አባት፣ ጣትዎን ያሳርፉና ዛሬውኑ ይሂዱ፤ ማሽላዎ ደርሷል አሉ።»

ማሽላው ደርሷል፤ ቤት ያሉት የታመሙ ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብኩ፦ «አውሮፕላኑ ክንፉን ከፍቶ ዕቃ ሲጥልና በመብራት ምልክት ሲሰጥ አይቻለሁ።»

መርማሪው የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተ። አዛውንቱ ጣታቸውን አልዘረጉም። ተነሡና ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ጫፉን ዝቅ አደረጉ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ሲዘገይ ነው እንዲህ የሚያደርግ። ክንፉ አልተሰበረም፤ አልተከፈተምም።»

«ማን አስጠናዎት?»

«አብራሪው አስረዳኝ። ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ዕቃ አላየሁም።»

«እንግዲያው ይቆዩ» አለ መርማሪው፤ ቆርቆሮውን ከደነ።

እኔ ክስ ሳይቀርብብኝ ተፈታሁ። ከእኔ በኋላ አብራሪው ተፈታ። አዛውንቱ መጨረሻ ላይ ወጡ። ማሽላቸውን አንበጣ ጨርሶት ጠበቃቸው፤ መንጋውን የሚፈልገው ሰው ታስሮ ነበርና።

ዛሬ በአውሮፕላን ስሄድ ከክንፉ ኋላ ያለውን የመስኮት ወንበር እጠይቃለሁ። ልናርፍ ስንል የውስጡ መብራት ይደበዝዛል፤ የክንፉ ጠርዝ መውረድ ይጀምራል። እቆጥራለሁ።

ደብተሬ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ይህን የጻፍኩት ከትዝታዬ ነው። ያላየሁትንና ያልሰማሁትን አልጨመርኩም።