አንድ ጎኑን የተበላ ጎማ

ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ እየነዳ አብዶ ጎሚስታን የማይፈራ ሰው አልነበረም። ሰውየው ከደሴ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በተከለለች ሱቁ ደጅ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። መለጠፉስ ባልከፋ! ጎማውን ካወለቀ በኋላ ግን ያገላብጠዋል፣ ይዳስሰዋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ባለቤቱን ያየዋል። «ትናንት ሰንበቴ ገበያ ምን ወሰደህ?» ይላል። የተጠየቀው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ እውነትም ሰንበቴ ውሎ ይገኛል።

ጎማ ማንበብ ይችል ነበር፣ አይካድም። አስፋልት የዋለ ጎማ እኩል ይለሰልሳል፤ ኮረኮንች የዋለ ጫፍ ጫፉ ይሸረፋል፤ ከልክ በላይ የጫነ ትከሻው ይበላል። አብዶ ግን ጎማው ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ከጎማው አልፎ የሰውየውን ሆድ ካላነበብኩ ይላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይወዳል። ሚስቱ ዓፊያ «ይሄ ሰው ጀነት በር ላይ ቢደርስ እንኳ ሳይገባ መጀመሪያ ማጠፊያውን ይመረምራል» እያለች ትስቅበት ነበር።

ልጁ ሳሚያ ቶፊቅን ያገባችው ባጃጅ ከተማውን ባጥለቀለቀበት ሰሞን ነው። ቶፊቅ ሰው ላይ የማይደርስ፣ ዝምተኛ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ደህና ይኖሩ ነበር። አንድ ክረምት ባጃጇ ቦይ ውስጥ ገባችና የኋላ ቀኝ ጎማዋን የሚይዘው ብረት ጎበጠ። ቶፊቅ ኮምቦልቻ ወስዶ ሊያሠራት አሰበ። አብዶ በሰው እጅ መቼ አምኖ! «እዚያማ ደህናውን ዕቃ ፈትተው አሮጌ ይገጥሙልሃል» ብሎ ከለከለውና ራሱ በመዶሻ ቀጥቅጦ አቃናው። አማች በአማቱ ሥራ ላይ ምን ይላል? «ጀዛከላህ» ብሎ ይዟት ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ቶፊቅ ጎማ ሊያስለጥፍ መጣ። አብዶ የኋላ ቀኙን አወለቀና ክው አለ። የውስጠኛው ጎን በሞረድ የሞረዱት መስሎ ሊሾ ሆኗል፤ የውጪው ጥርስ አልተነካም።

«የት ነው የምትሠራው?»

«እዚሁ ከተማ ነዋ፣ ከመናኸሪያ ገበያ። ምነው?»

«አይ፣ ምንም» አለ አብዶ። ነገሩን ግን በሆዱ ያዘው። ከተማ የሚውል ጎማ እንዲህ አይበላም። ይሄ ከባድ ጭኖ፣ ባዘመመ መንገድ የሚመላለስ ሰው ጎማ ነው። ያዘመመ መንገድ ያለው ወደ ጨፋ ነው። ጨፋ ማን አለ? ዘምዘም አለቻ! ቶፊቅ ሳሚያን ከማግባቱ በፊት አጭቷት የነበረችው። ያ ረቢ! በድብቅ ሁለተኛ ኒካ አስሯል፤ ቤት እየሠራላት ነው፤ ድንጋይና ሲሚንቶ እያመላለሰ ነው። አብዶ ራሱ ፈተለው፣ ራሱ ሸመነው፣ ራሱ ለበሰው።

ለልጁ ሲነግራት ሳሚያ መጀመሪያ አልተቀበለችውም። «አባ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«ጎማ አይዋሽም፣ ልጄ።»

ቶፊቅ ሲጠየቅ ሳቀ። የምራቸውን መሆኑን ሲያይ ወላሂ ብሎ ማለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አብዶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያንን ጎማ ተሸክሞ መጥቶ ሽማግሌዎቹ መሀል አስቀመጠው! «ሰው ይምላል፤ ይሄ ግን መማል አያውቅም» አለ።

ቶፊቅ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺስ? እኔን ነው ጎማውን ነው የምታምኚው?»

ሳሚያ አንገቷን ደፋች። የቶፊቅ ፊት ሲጠቁር ያልታየው ሰው የለም። «እንግዲያው ፈትቻታለሁ» ብሎ ወጣ። እሷም ልብሷን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች። ኢዳዋ፣ የፍች መቆያ ጊዜዋ፣ ሳያልቅ ቶፊቅ ካልመለሳት ትዳሩ አበቃለት ማለት ነው። ቀን ከቀን እየከሳች ሄደች፤ ዓፊያም መሳቅ ተወች።

ቶፊቅ ባጃጇን ለማስረሻ ሰጥቶ ሰንበቴ የከብት ድለላ ገባ። ማስረሻ ከሥራው ቤቱ፣ ከቤቱ ቤተክርስቲያን እንጂ ሌላ መንገድ የማያውቅ፣ የስድስት ልጆች አባት ነው። አዲስ ጎማ አስገጥሞ ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣ አብዶ ጎማውን አገላበጠ። ውስጠኛው ጎን ሊሾ!

«ማስረሻ! አንተም ጨፋ ጀመርክ?»

«ጨፋ? ምን ልሠራ፣ ጋሽ አብዶ?»

«ዘምዘምን ታውቃታለህ? እውነቱን አውጣ!»

«ዘምዘም ደግሞ ማናት? ምነው ጋሼ፣ ያመዎታል እንዴ?»

አብዶ አላመነውም። የጨፋን ጥቁር ጭቃ ፈልጎ ሊያፋጥጠው ባጃጇ ስር ተጋድሞ ገባ። ጭቃ የለም። ያየው ያቃናው ብረት ላይ የቀረውን የራሱን የመዶሻ ጠባሳ ነው። ወጥቶ ሲባጎ አመጣና በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጎን ወደ ፊት ወጠረ። የግራው ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። የቀኙ እየራቀ እየራቀ ወደ ውጭ ሸሸ። ለካ ጎማው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ፣ አስፋልቱን እየፋቀ ነበር የሚሄደው።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው! አብዶ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ራሱን ያዘ። ማስረሻ የእውነት የታመመ መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሮጠ።

በገበያው ቀን ሰንበቴ ወረደ። ቶፊቅን ከቆላ በመጡ ግመሎች መሀል አገኘውና በደላሎቹ ፊት ቆቡን አወለቀ። «ልጄ፣ አውፍ በለኝ። ብረቱን ያጣመምኩት እኔ ነኝ። አንተ ንጹሕ ነህ።»

«ብረቱስ ይቃናል» አለ ቶፊቅ። ቢሆንም መጣ። ኢዳዋ አላለቀም ነበርና ሳሚያን መልሶ ወሰዳት። አብዶ ፍየል አረደ፤ ብረቱንም ኮምቦልቻ ልኮ አስቀየረ፤ ቶፊቅም ባጃጇን መልሶ መንዳት ጀመረ። ደስታው ልክ አልነበረውም።

ወራት አለፉ። አንድ ጁምዓ፣ ቶፊቅ ባጃጇን ሱቁ ደጅ አቁሞ መስጊድ እንደገባ፣ ሳሚያ አፏን በሻሿ ሸፍና መጣች።

«አባ፣ እስቲ የቀኙን ጎማ እየው።»

«ምን ሆነ?»

«እየው በቃ።»

ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ዳሰሰው። «ደህና ነው፣ ልጄ። እኩል ነው የተበላው። እዚሁ ከተማ ነው የሚውለው።»

ሳሚያ ጎማውን አላየችም። የአባቷን ፊት ነበር አተኩራ የምታየው። «ትዳሬ እንዳይፈርስ ብለህ እየሸፈንክለት ነው እንዴ?» አለችው።

አብዶ ወላሂ ብሎ ማለላት። አላመነችውም።