የአበበችን ስም ያበላሸሁት እኔ ነኝ

እስካለፈው እሑድ ድረስ ይህን ለማንም፣ ለባሌም ለንስሐ አባቴም፣ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ጾም ስገድፍ ተናዝዣለሁ፣ ሰው ሳማ ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ዋጥኩት።

እዚህ ሰው አገር፣ የከተማው ባቡር ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ መሄድ በጀመረ ሰሞን፣ ኤደን ፕሬሪ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ውስጥ ዕቃ እናሽግ ነበር። ከብሩክሊን ሴንተር የምንነሳውን ሹፌሩ ደረጀ በቫኑ ያደርሰናል። አበበች ገና ከአገር ቤት መምጣቷ ነው። በእረፍቷ ቀን ትንሹን ልጄን ትጠብቅልኝ ነበር፤ አንድም ቀን ክፈይኝ አላለችም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬም እላለሁ።

ሱፐርቫይዘራችን ጢሙ ያልጠና ፈረንጅ ነበር። በምሳ ክፍሉ ባለፈ ቁጥር አበበች እያላመጠች ብድግ ትላለች። አለቃ ሲያልፍ ተቀምጦ መብላት ለእሷ ነውር ነው። ልጁ የሆነ ነገር የፈለገች እየመሰለው ቆሞ ይጠብቃታል። እሷም እሱ እስካልሄደ አትቀመጥም። ተፋጠው ይቆማሉ፤ እኛ እንስቃለን። እኔም ከአገር ቤት አዲስ ስመጣ እነሳ ነበር። ማንም ሳያይብኝ ተውኩት እንጂ።

አበበች ባልነበረችበት ቀን ሌላ አዲስ ሴት ቫኑ ውስጥ ገባች። ለእያንዳንዳችን ጎንበስ እያለች ሰላም ስትል «ሌላ አበበች መጣችልን» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ደረጀ መሪውን እየደበደበ «ስንት አበበች ነው የምጭነው በናትሽ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ደስ አለኝ።

ቃሉ ከቫኑ ወረደ። መጀመሪያ አዲስ የመጣች ሴት አበበች ተባለች፤ ቆይቶ ሴት ሁሉ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ሱቅ ውስጥ ወጣቶች «አበበችህ የት ናት?» ሲባባሉ ሰማሁ። አበበችን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም።

አንድ ቀን ልጄን ልወስድ ቤቷ ስሄድ «እቴ፣ ምን አድርጌያቸው ነው? ማን ጀመረው?» አለችኝ። ልጄ እቅፏ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

«ደረጀ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቫኑ ላይ አልወጣችም። መኪና ስላልነበራት ሥራውን ተወች። ሌላ ቦታ ስትቀጠር ደረቷ ላይ በምትሰካው የስም ባጅ ላይ «አቢ» አስጻፈች። ፈርቼ ነው የዋሸሁት ልበል? አልልም። የሚሳቀው በእሷ እስከሆነ ድረስ በእኔ አይደለም፤ ያንን ወድጄው ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ትልቋን ልጄን እያየ ለጓደኛው «ያቺ አበበች የማን ናት?» አለው። ልጄ በእንግሊዝኛ «ምን እያለኝ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የራሴ ልጅ ላይ እስኪደርስ ዝም ማለቴን ልብ በሉ። ይህንንም አልደብቅም።

አበበች ከኋላችን ሳህን ትሰበስብ ነበር። ተነሳሁና ሁሉም እንዲሰማ «ይህን ስም መሳቂያ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደረጀ አይደለም፤ ዋሽቼ ነው» አልኩ።

አበበች ሳህኖቹን አስቀመጠች። ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ሴቶቹ ከበቡኝ። «አንቺ ምን ነካሽ? ቀልድ እኮ ነው!» አለች አንዷ። «ይልቅ ቶሎ ሽማግሌ ላኪባት» አለች ሌላዋ።

ቀልድ አልነበረም። ሽማግሌም አልልክም። ቢሄዱ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ነጠላቸውን የለበሱ አባቶች ሶፋዋ ላይ ይደረደራሉ፣ እኔ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ እሷም ለእነሱ ስትል፣ ለመስቀሉ ስትል ይቅር ትላለች። አበበች አባቶች ፊት እምቢ ማለት አትችልም። ይህን እያወቅሁ ልላክባት? ስሟን ወስጄባታለሁ፤ ቁጣዋንም ልውሰድባት?

ከእግዚአብሔር ምሕረትን እለምናለሁ፤ ለንስሐ አባቴም እነግራለሁ። እሷ ግን ሰላም ባትለኝ ልክ ናት። ከፈለገች ዕድሜ ልኳን ትቆጣኝ። በእኔ ስም ማንም በሯን እንዳያንኳኳ።